ከቀንዱ ፊት የቆመው ኦርኬስትራ



ጋባዦቼ ስለ ጥንት የዳንስ ኦርኬስትራ ሸክላዎች እንድናገር ሲጠይቁኝ ደስ አለኝ፤ ጥቂትም ፈራሁ። ደስ ያለኝ ነገሩ በእኛ መድረክ ብዙም የማይነሳ በመሆኑ ነው። ያስፈራኝ ደግሞ ስፋቱ ነው። ቦነስ አይረስም፣ ሃቫናም፣ ፓሪስም የየራሳቸውን የዳንስ ሸክላ ይቀርጹ ነበር። ሁሉንም ልዳስስ ብል አንዱንም ሳልነካ ይነጋል። ስለዚህ በአንድ አገርና በአሥራ ሁለት ዓመት ልወሰን፤ በአሜሪካ፣ ከ1913 እስከ 1925። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ዛሬ ማታ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው። ሸክላ ኦርኬስትራን እንዳለ አላስቀመጠልንም። የሚመቸውን መረጠ፣ የማይመቸውን ጣለ። ሙዚቀኛውም ውሎ አድሮ ሸክላው የሚመቸውን መጫወት ለመደ። ለዚህ ሦስት ዳኞች ነበሩ፦ ቀንዱ፣ ሰዓቱ እና ነጋዴው። በየተራ እናያቸዋለን። ቀንዱ ዘንድ ግን ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነውና።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዳኛ ቀንዱ ነው።

በዚያ ዘመን ቀረጻ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን የሚባል ነገር የለም። ያለው አፉ የሰፋ፣ ጭራው የጠበበ ትልቅ ቀንድ ነው። ድምፅ በሰፊው አፍ ይገባል፤ በጠባቡ ጫፍ ያለችውን ስስ ልባስ ያርገበግባል፤ ልባሷ መርፌውን ታንቀሳቅሳለች፤ መርፌውም በሚሽከረከረው ሰም ላይ ይጽፋል። ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ የለበትም። መርፌውን የሚገፋው የሙዚቀኛው ትንፋሽና የክንዱ ጉልበት ብቻ ነው።

አሁን ይህን ቀንድ ፊት ለፊታችሁ አድርጉና አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ በዙሪያው ደርድሩ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሰሙ ለስለስ ማለት ስላለበት ሙቀቱ አይጣል ነው። ቫዮሊኖቹ ከቀንዱ አፍ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም፤ ኮርኔትና ትሮምቦን ወደ ኋላ ተገፍተዋል። ፒያኖው ድምፁ እንዲወጣለት ጀርባው ተከፍቶ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተሰቅሏል። ፈረንሳይ ሆርን የሚነፉት ሰዎች የመሣሪያቸው አፍ ወደ ኋላ ስለሚዞር ጀርባቸውን ለቀንዱ ሰጥተው፣ መሪያቸውን በመስታወት እያዩ የሚነፉበት ጊዜ ነበር። አንድ ሰው ቢስል ወይም አንድ ኖታ ቢስት ሰሙ ተፍቆ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ቆርጦ መቀጠል የለም። ሰሙን ቢያጫውቱት ስለሚበላሽ ደግሞ ሙዚቀኞቹ ሸክላ ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ የራሳቸውን ሥራ በትክክል አይሰሙትም ነበር።

ቀንዱ ሁሉን በእኩል አይሰማም። መካከለኛውን ድምፅ ይወዳል። ወፍራሙን ድምፅ አይይዝም፤ በጣም ቀጭኑንም ይጥለዋል። ትልቁ ከበሮ በኃይል ከተመታ መርፌውን ከመሥመሩ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ ከበሮው ይቀርና በምትኩ የእንጨት ቁራጭ ይመታል። በደጋን ወይም በጣት የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ አይሰማም፤ ቦታውን ቱባ ይወስዳል። ጊታር ልስልስ ነው፤ ባንጆ ይተካዋል። ለቫዮሊን እንኳ መላ ተፈልጎለት ነበር፤ በእንጨቱ ሣጥን ፋንታ የራሱ ትንሽ ቀንድ የተገጠመለት የሽትሮ ቫዮሊን የሚባለው መሣሪያ ለዚሁ ሥራ አገልግሏል።

እንግዲህ የዚያን ዘመን ሸክላ ሰምታችሁ «የድሮ ዳንስ ባንጆና ቱባ ይበዛበት ነበር» ስትሉ፣ የምትናገሩት ስለ ዳንስ አዳራሹ ብቻ አይደለም፤ ስለ ቀንዱም ጭምር ነው። ቀንዱ የማይወደው መሣሪያ በአዳራሹ ውስጥ እየተጫወተ በሸክላው ላይ ግን ጨርሶ አይገኝም።

ይህን በቅርብ በምናውቀው ነገር ልፈትነው። በገና ቀንዱ ፊት ቢቀመጥ፣ ደርዳሪው ጣቱ እስኪዝል ቢደረድር፣ ከዚያ ጥልቅ ድምፅ ሰሙ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነበር። ማሲንቆና የሰው ድምፅ ግን ለቀንዱ የተመቹ ናቸው፤ ድምፃቸው መካከለኛ ነው፣ ወደ አፉ ተጠግተው መጫወትም ይችላሉ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ጀርመን አገር ያስቀረጿቸውን ሸክላዎች ዛሬም ስንሰማ ድምፃቸው ጎልቶ የሚደርሰን በተሰጥኦአቸው ብቻ አይመስለኝም። አንድ ሰው ከቀንዱ ፊት ሲቆምና አንድ ኦርኬስትራ ሲቆም ውጤቱ ይለያያል።

ወደ ኦርኬስትራው ልመለስና ጄምስ ሪስ ዩሮፕን ላስተዋውቃችሁ። ከዛሬው ዲስኩር አንድ ስም ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ የእሱን ያዙልኝ።

ዩሮፕ በአላባማ ተወልዶ በዋሽንግተን ያደገ፣ በኒው ዮርክ የሠራ ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ነው። በ1910 ክሌፍ ክለብ የተባለውን የጥቁር ሙዚቀኞች ማኅበር ካቋቋሙት ዋነኛው ነበር። ማኅበሩ ሥራ ያገናኛል፣ ክፍያ ይደራደራል፤ ኦርኬስትራም ያዘጋጃል። በግንቦት 1912 ዩሮፕ ከ100 በላይ ሙዚቀኞች ይዞ በካርኔጊ አዳራሽ ቀረበ። ማንዶሊንና ባንጆ በገፍ፣ ፒያኖ ከአንድም ብዙ ነበር። በዚያ አዳራሽ እንዲህ ያለ የጥቁሮች ኦርኬስትራ ከዚያ በፊት አልታየም።

በዚሁ ሰሞን ቨርነንና አይሪን ካስል የሚባሉ ባልና ሚስት ዳንሰኞች የኒው ዮርክን ሀብታሞች እያስጨፈሩ ነበር። ቨርነን እንግሊዛዊ ነው፣ አይሪን አሜሪካዊት። አዲሱን ዳንስ ለባለጸጎቹ ሳሎን እንዲመጥን አድርገው ያስተምራሉ፤ ሙዚቃውን ደግሞ ዩሮፕ ይመራል። ፎክስትሮት የተባለው ዳንስ እንዴት ተወለደ ሲባል፣ ዩሮፕ በዕረፍት ሰዓት ዘገም ያለ ብሉዝ ሲጫወት ካስሎች ሰምተው እርምጃ ፈጠሩለት የሚል ታሪክ ይነገራል። ታሪኩን ካስሎችም አልካዱትም። ያም ሆነ ይህ ፎክስትሮት ከ1914 በኋላ ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ዳንስ ንጉሥ ሆኗል።

በታኅሣሥ 1913 መጨረሻ ዩሮፕ ኦርኬስትራውን ይዞ ለቪክተር ኩባንያ ቀረጸ፤ በየካቲት 1914 ደግሞ ተመልሶ ቀረጸ። ከትልቅ ኩባንያ ጋር ውል ካሰሩት የመጀመሪያዎቹ የጥቁር ኦርኬስትራዎች አንዱ ነው። ከመቶ በላይ ሰው ካርኔጊን የሞላው መሪ ቀንዱ ፊት የቆመው ጥቂቶቹን ብቻ ይዞ ነው። ነገር ግን «ካስል ሃውስ ራግ» የተባለውን ሸክላ ስሙት። መጀመሪያ ላይ ሁሉም በሥነ ሥርዓት ይሄዳል፤ ለሳሎን የተሠራ ነው። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ከበሮና ኮርኔቱ ከወረቀቱ ወጥተው ሲፈነጩ ትሰማላችሁ። በእኔ ፍርድ በዚያ ዘመን ከተቀረጹት የዳንስ ሸክላዎች ሁሉ ይህችን የሚያህል የለም። ቀንዱ ብዙ ነገር ጥሏል፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን የኦርኬስትራው ጉልበት አሸንፎታል።

የዩሮፕ ዕድሜ አልረዘመም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የ369ኛውን እግረኛ ሬጅመንት የሙዚቃ ጓድ መርቶ ፈረንሳይ ዘመተ፤ ሲመለስ በ1919 ለፓቴ ኩባንያ ቀረጸ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቦስተን ውስጥ ከራሱ ከበሮ መቺዎች አንዱ በስለት ወግቶት ሞተ። ቨርነን ካስልም በ1918 አብራሪዎችን ሲያሠለጥን አውሮፕላኑ ወድቆ ሞቶ ነበር።

ሁለተኛው ዳኛ ሰዓቱ ነው።

አሥር ኢንች ስፋት ያለው ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ዳንስ አዳራሽ ውስጥ ግን ማን ሰዓት ያያል? ኦርኬስትራው ተጋባዡ እስከወደደ ድረስ ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ይሄዳል። የእኛን ሠርግ አስቡት፤ ጭፈራው ሞቅ ሲል አንድ ዘፈን ስንት ጊዜ ነው ተመልሶ የሚነሳው? አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ሦስት ደቂቃ አላችሁ፣ ቀይ መብራት ሲበራ ጨርሱ» ቢል ምን ይቀራል?

የቀረው ነገር አጓጊ ነው። ጊዜው ሲያጥር አቀናባሪው የሚሠራው ሥራ በዛ። አዝማቹ ሦስት አራት ጊዜ የሚመለስ ከሆነ በእያንዳንዱ መመለሻ ልብስ መቀየር አለበት፤ አንዴ ለሳክስፎኖች፣ አንዴ ለትሮምቦን፣ አንዴ ለሁሉም። በሳን ፍራንሲስኮ ሆቴል ይጫወት የነበረው አርት ሂክማን በ1919 ኒው ዮርክ መጥቶ ለኮሎምቢያ ሲቀርጽ ሳክስፎኖቹ ተጣምረው ዜማ ሲያስኬዱ ይሰማል። ከእሱ ቀጥሎ ፖል ዋይትማን መጣ። የዴንቨር ልጅ ነው፤ በሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቪዮላ ይጫወት የነበረ። ፌርዲ ግሮፌን የመሰለ አቀናባሪ አጠገቡ አስቀምጦ በ1920 «ዊስፐሪንግ» የተባለውን ሸክላ ለቪክተር ቀረጸ። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል ይባላል። በሸክላው መሃል ባለው ወረቀት ላይ ከዜማው ስም ሥር የተጻፈው «ፎክስትሮት» የሚል ነው። ገዢው ማን እንደተጫወተ ከመጠየቁ በፊት በምን እርምጃ እንደሚደነስ ማወቅ ይፈልግ ነበርና።

ዋይትማን ላይ ሁለት ነገር ልበል። ቅንብር የተባለውን ሙያ ከፍ ያደረገ፣ ለሙዚቀኞቹም ጥሩ ይከፍል የነበረ ሰው ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። «የጃዝ ንጉሥ» የተባለው ግን የገበያ ማዕረግ ነበር። ንግድ ቤት ዘውድ ሲያድል ትንሽ መጠራጠር ደግ ነው።

ሰዓቱ ምን ያህል ጨካኝ እንደነበር ለማየት ደግሞ «ራፕሶዲ ኢን ብሉ»ን ውሰዱ። ዋይትማን ይህን የጆርጅ ገርሽዊን ሥራ በየካቲት 1924 በኒው ዮርኩ ኢዮሊያን አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀረበው። ሩብ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ገርሽዊን ራሱ ፒያኖ ይዞ በሸክላ ሲቀረጽ በአሥራ ሁለት ኢንች ሸክላ በሁለት ፊት ተጨምቆ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ሆነ። ሥራውን በሸክላ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከሲሶ በላይ የሚሆነውን አልሰማም ማለት ነው።

ይህ አቀናባበርና ይህ የጊዜ ገደብ እኛንም ነክተዋል። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራ ፎቶግራፍ አይታችሁ ከሆነ፣ ሳክስፎኖቹ በአንድ ረድፍ፣ ትሮምፔትና ትሮምቦኖቹ ከኋላ ተደርድረዋል። ያ አደራደር በአሜሪካ ዳንስ ኦርኬስትራዎች የተደላደለ፣ በሸክላና በሬዲዮ ዓለምን የዞረ ነው። እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ አቀናባሪዎች የአገራችንን ዜማ በዚያ ረድፍ ላይ ሲያስቀምጡ አዲስ ነገር ፈጠሩ። ከ1969 ጀምሮ አምሐ እሸቴ ያሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎችም በአንድ ፊት የያዙት ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። በክበብ ውስጥ ሌሊቱን የሚያስፈነጥዝ ዘፈን ቤታችን የገባው አጥሮ ነው።

ሦስተኛው ዳኛ ነጋዴው ነው። እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ነገሩ ግን ቀላል አይደለም።

ማን ይቀረጽ የሚለውን የሚወስነው የኩባንያው ሰው ነው። በየካቲት 1917 ቪክተር ከኒው ኦርሊንስ የመጡ አምስት ነጮችን፣ ኦሪጅናል ዲክሲላንድ ጃዝ ባንድ የተባሉትን፣ ቀረጸ። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። በአንደኛው ፊት መሣሪያዎቹ እንደ ዶሮ ይጮኻሉ፣ እንደ ፈረስ ያሽካካሉ፣ እንደ ላም ይጮኻሉ፤ ሰው ሳቀ፣ ገዛም። ያን ሙዚቃ በኒው ኦርሊንስ ካሳደጉት ጥቁሮች መካከል ስሙ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ኮርኔት ነፊው በዲ ቦልደን ግን አንድም የሚታወቅ ሸክላ የለውም። በ1907 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም አልወጣም።

ኪንግ ኦሊቨር የተባለው ታላቅ ኮርኔት ነፊ ባንዱን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸው በሚያዝያ 1923 ነው፤ ከመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ። የቀረጸውም ቪክተር ሳይሆን በኢንዲያና ሪችመንድ ከተማ ያለው፣ የአንድ ፒያኖ ፋብሪካ ንብረት የሆነው ጄኔት ኩባንያ ነበር። ቀረጻ ክፍሉ አጠገብ የባቡር ሐዲድ አለ፤ ባቡር ሲያልፍ ሥራ ይቆማል። ቀንዱም እዚህ ዳኝነቱን አልተወም። ሁለተኛው ኮርኔት ነፊ ወጣቱ ሉዊ አርምስትሮንግ ነው፤ ድምፁ የመሪውን ሲውጠው ከሌሎቹ ርቆ ወደ ኋላ እንዲቆም ተደረገ። ከበሮ መቺው ቤቢ ዶድስ የእንጨት ቁራጭ መታ። ቤዝ ተጫዋቹ ቢል ጆንሰን ቤዙን ትቶ ባንጆ ያዘ። እነዚያን ሸክላዎች ስንሰማ እንግዲህ የምንሰማው ያለ ቤዝ፣ ያለ ሙሉ ከበሮ የቀረበ ባንድ ነው። ሆኖም ሁለቱ ኮርኔቶች ተነጋግረው ሲገቡ ሰውነት ይነዝራል።

ነጋዴው ዓይኑን የገለጠው ገንዘብ ሲያይ ነው። በነሐሴ 1920 ማሚ ስሚዝ የተባለች ጥቁር ዘፋኝ ለኦኬ ኩባንያ የቀረጸችው «ክሬዚ ብሉዝ» ያልታሰበ ገበያ አመጣ። ኩባንያዎቹ ጥቁሮች ሸክላ እንደሚገዙ ተረዱ፤ ተረድተውም ለብቻው የተለየ ዝርዝር አወጡላቸው። የጥቁሮቹ ኦርኬስትራ በዚያ፣ የነጮቹ በዋናው ዝርዝር። ብዙ ጊዜ ሁለቱ የሚጫወቱት ያንኑ ፎክስትሮት ነበር። በወረቀቱ ላይ ደግሞ የመሪው ወይም ኦርኬስትራው የሚጫወትበት ሆቴል ስም እንጂ የተጫዋቾቹ ስም አይጻፍም። ዛሬ ተመራማሪዎች የአንዱን ክላሪኔት ነፊ ማንነት በአነፋፉ ለመለየት ዓመታት የሚያጠፉት ለዚህ ነው።

በ1925 ማይክሮፎንና ኤሌክትሪክ ወደ ቀረጻ ክፍሉ ገቡ። ቪክተርና ኮሎምቢያ ሁለቱም አዲሱን ዘዴ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ልናገረው እችላለሁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቱባው ለቤዝ፣ ባንጆው ለጊታር ቦታ ለቀቀ። መጮኽ የማያስፈልገው ዘፋኝም መጣ፤ በዋይትማን ኦርኬስትራ ውስጥ ይዘፍን የነበረው ቢንግ ክሮዝቢ በጆሮ የሚያንሾካሹክ ያህል ዘፍኖ ሰው ሰማው። ቤዝ ድንገት የተወደደ አይምሰላችሁ፤ ዱሮም በአዳራሹ ነበር፣ አሁን ዳኛው ተቀየረለት።

ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል፤ ለሙዚቃ ተማሪዎች ግን አንድ የቤት ሥራ አለኝ። «ራፕሶዲ ኢን ብሉ»ን የዋይትማን ኦርኬስትራ በ1924 በቀንድ፣ በ1927 ደግሞ በማይክሮፎን ቀርጾታል፤ በሁለቱም ፒያኖው ላይ ያለው ገርሽዊን ነው። አከታትላችሁ ስሙና ቀንዱ ምን ጥሎ እንደነበር በወረቀት ጻፉ። ቀጥላችሁ የዩሮፕን «ካስል ሃውስ ራግ» ክፈቱና ያንኑ ዝርዝር ይዛችሁ የጎደለውን በጆሯችሁ ሙሉ፤ ትልቁን ከበሮ ጨምሩበት፣ ቤዙን ጨምሩበት፣ የዳንሰኛውን ጫማ ጨምሩበት። ገንዘብ አያስወጣችሁም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2011 ከአሥር ሺህ በላይ የቪክተር ዘመን ሸክላዎችን በነፃ ለሕዝብ ከፍቷል። በአሜሪካ ሕግ ከ1923 በፊት የታተሙት ቅጂዎች ከ2022 ጀምሮ ባለመብት የላቸውም፤ ከ2024 ወዲህም በየዓመቱ መጀመሪያ የአንድ ዓመት ሸክላ ይታከልባቸዋል።

ሸክላ የምትሰበስቡትን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ከባድና ተሰባሪ የሆነ አሮጌ ሸክላ ብታገኙ በአልኮል አታጽዱት። ያ ሸክላ የተሠራው ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፉ፣ በወረቀት ሸፍኑ፣ ሳይደራረብ በጎኑ አቁሙት፤ ከዚያም ሸክላው ሳይሰበር ድምፁን የሚገለብጥላችሁ ባለሙያ ፈልጉ።